የቸርኬው ጀርባ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ቡና የያዘ ይጠጣ፣ ያልያዘ ይስማ። የማወጋችሁ ስለ አንድ ልጅ፣ ስለ አንዲት አሮጌ ፖርሽ እና ስለ ቸርኬዎቿ ነው። ዓመተ ምሕረት በጠራሁ ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ነገሩም የሆነው በፈረንጅ አገር፣ ፈረንጁ ራሱ እንግዳ በሚሆንበት ሰፈር ነው።

ሰፈሩ ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ላንግሊ ፓርክ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድን ወደ ምሥራቅ ይዛችሁ ስትነዱ፣ ኒው ሃምፕሻየር አቬኑን የምታገኙበት መስቀለኛ። እዚያ ላይ ሞንጎመሪ ካውንቲና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ይዋሰናሉ፤ የታኮማ ፓርክ ከተማም ጫፏን ታስገባለች። በ2016 መጨረሻ የተከፈተው የአውቶቡስ ጣቢያ ከነትልቅ ጣሪያው ጥጉን ይዟል። ሰዉ አብዛኛው ከጓቲማላና ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ነው። ፑፑሳ የሚጋገርበት ቤት፣ ገንዘብ የሚላክበት ሱቅ፣ ጎሚስታው፣ ሁሉም እዚያው ነው። እኛም በመሃሉ አለን፤ ሐበሻ የሌለበት የት አለ?

ልጁን «ልጁ» እያልኩ ነው የምጠራው፤ ስሙን ለእናቱ ስል አልናገርም። እዚህ አገር እንደመጣ ዳውንታውን ዋሽንግተን በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ተቀጠረ። መቼም በዚህ ከተማ የሐበሻ እጅ ያልነካው ፓርኪንግ የለም። እንግዲህ በየቀኑ የሰው ፖርሽ ቁልፍ ይቀበላል፣ ሁለት ፎቅ ወደ ታች ይነዳል፣ ያቆማል፣ ማታ መልሶ ያወጣል። የሰው መኪና ሲያቆም ኖሮ አንድ ቀን «ለምን የራሴን አላቆምም?» አለ። የ2001 ሥሪት ቦክስተር ገዛ።

መኪናዋን ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። የፖርሽ ኩባንያን ገንዘብ አጥሮት ሲንገዳገድ ከውድቀት ካወጡት ሞዴሎች አንዷ ናት። ምርቷ በ1996 ተጀመረ፤ ገበያው አልጠግብ ሲል ከ1997 ጀምሮ ፊንላንድ ውስጥ ጭምር ትገጣጠም ነበር። ወንበሯ ሁለት ነው፣ ጣሪያዋ ይታጠፋል፣ ሞተሯ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከኋላ እግሮቿ ፊት ተቀምጧል። ዛሬ አሮጌዋ ብዙ ጊዜ የአዲስ ካምሪ ግማሽ ዋጋ አታወጣም። ሞተሯ ውስጥ ስላለችው አንዲት ኩሽኔታ የማይወራ የለም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። የዛሬው ወሬ ቸርኬው ከሚታሰርበት ከሞዞው ወደ ውጭ ያለው ነው።

በፌብሩዋሪ ነው ነገሩ የተጀመረው። ቀን የቀለጠ በረዶ በአስፋልቱ ስንጥቅ ይሰርጋል፣ ሌሊት ይረጋል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል፤ አስፋልቱን ከሥር ይፈነቅለዋል። በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ፐርፕል ላይን ለሚሉት ባቡር ተቆፍሯል። ከቤቴስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ። ግንባታው በ2017 ተጀመረ፣ በ2020 ገንቢው ጥሎ ወጣ፣ በ2022 በሌላ ገንቢ ቀጠለ። መንገዱ ዛሬ በግራ ከሆነ ነገ በቀኝ ነው። ልጁ ማታ ከሥራ ሲመለስ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ የፊት ቀኝ እግሯን ዷ! አደረጋት። ጎማው አልፈነዳም። በማግሥቱ ግን ቤልትዌይ በሚሉት የከተማው ቀለበት መንገድ ላይ 60 ማይል ሲደርስ መሪው በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ቅዳሜ ቡና ላይ ነገሩ ለሸንጎ ቀረበ። የኛን ሸንጎ ታውቁታላችሁ፤ ለሁሉም ነገር ባለሙያ አለው። ካምሪ የሚነዳው ወዳጃችን ቀደመ፤ «ቤት ውስጥ አራት የካምሪ ቸርኬ አለኝ፤ ውሰድ፣ ገንዘብ አልፈልግም።»

ጋሼ ሳቁ። ጋሼ ማለት አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ በፊያት ኤን 3 ከባድ መኪና አባይ በረሃን የወረዱ የወጡ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥተው እኛን የሚታገሡ ሽማግሌ ናቸው።

«የካምሪ አምስት ቡሎን በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው የተቀመጠው» አሉ። «የዚች ልጅ በ130 ነው። አምስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ አይገባም። ቢገባም መሃሉ አይቀበለውም፤ የፖርሿ ሞዞ 71.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የካምሪው ቀዳዳ 60.1። ልግስናህን እግዜር ይቁጠርልህ፤ ቸርኬህን አስቀምጥ።»

ሌላው ተነሳ፤ «ከአከፋፋዩ አዲስ ይግዛ።» ዋጋውን በስልክ ጠየቅን። ልጁ ዋጋውን ሲሰማ ስልኩን በጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው። ሦስተኛው «ያሳድሰው» አለ። አራተኛው፣ ወጣት ነው፣ ስልኩን ዘረጋ፤ «አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሐበሻ ባለ 18 ኢንች አራት ቸርኬ ከነጎማው በ600 ዶላር ይሸጣል። እዩት እስቲ!» ፎቶው ያበራል። ጥቁር፣ ጠርዙ እንደ መስታወት የተላገ። የልጁ ዓይን እዚያው ቀረ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩና መለሱት። «ይኼ ፊቱ ነው። ጀርባውን ያነሳው አለ?»

ጀርባ የሚባል ፎቶ አልነበረም።

«ስማ ልጄ» አሉ ጋሼ። «መኪናህ የመጣችው በ17 ኢንች ነው። የፊት ጎማዋ 205 በ50፣ የኋላዋ 255 በ40። የጎማው ግድግዳ ከመሬት እስከ ቸርኬው ከንፈር 10 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። 18 ኢንች ስታደርግ፣ የፊቱ 225 በ40 ከሆነ፣ ግድግዳው 9 ይሆናል። ያቺ አንዷ ሳንቲ ሜትር በዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ጉድጓድ ላይ በቸርኬህና በአስፋልቱ መካከል የምትቆመው ናት። እሷን ለመልክ ስትል አሳልፈህ ትሰጣለህ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!»

ልጁ «እሺ ጋሼ፣ አስብበታለሁ» አለ። አሰበበት። እሑድ ጠዋት ለማንም ሳይናገር ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለሷ ብቻ አይደለም።

ሻጩ በፈገግታ ተቀበለው። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ አታገኝም። እኛ ቨርጂኒያ እናንተ እንደምትኖሩት አይደለም፤ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን ነው። ይኼ ቸርኬ አልፏል።» እዚህ ላይ እውነት አለው፤ ቨርጂኒያ መኪናን በየዓመቱ ትፈትሻለች። ሜሪላንድ የምትፈትሸው አሮጌ መኪና ባለቤት ሲቀይር ነው፤ የዋሽንግተን ከተማ ደግሞ የግል መኪናን ለደህንነት መፈተሽ ከተወች ቆየች። ግን ልብ በሉ፤ የሚያልፈው መኪናው ነው። አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ ተደግፎ የቆመ ቸርኬ በየትኛው ኢንስፔክሽን ነው የሚያልፈው? ልጁ ይኼን አልጠየቀም። ክሪክ ወጣ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አራቱ ተቀየሩ። «ቡሎንስ?» ሲል፣ «የራስህ አለህ አይደል? እሱን ተጠቀም» ተባለ። የድሮዎቹን ቸርኬዎች እንደምንም ወንበሩ ላይና ከፊትና ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ጠቅጥቆ፣ 600 ዶላሩን ቆጥሮ፣ ጣሪያውን አውርዶ በ495፣ በቤልትዌዩ፣ ወደ ቤቱ ተነሳ።

ዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ላይ፣ ከሥሩ ፖቶማክ፣ ከፊቱ ሜሪላንድ፣ ከኋላ በግራ በኩል ድምፅ መጣ። ኳ። ዝም። ኳ። ዝም። ከዚያ ኳ ኳ ኳ። ሬዲዮውን አጠፋ፤ አልጠፋም። ናሽናል ሃርበር መውጫ ላይ ወርዶ ጥግ ያዘ። ቁልፉን አውጥቶ ቡሎኑን ሲሞክር፣ እናንተ ሰዎች፣ ቡሎኑ በጣቱ ዞረ! ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ፣ አራቱን መብራት ብልጭ ድርግም እያሰኘ፣ መኪና ሁሉ እየጮኸበት ላንግሊ ፓርክ ደረሰ። በቀጥታ ወደ ጎሚስታው።

ጎሚስታው ጓቲማላዊ ነው። አማርኛ አይችልም፣ እንግሊዝኛው እንደኛው ነው፣ ጋሼን «ማኤስትሮ» ይላቸዋል። ልጁ ጋሼን ደውሎ ጠራ፤ ጋሼ ሲመጡ «ነግሬህ ነበር» አላሉም። ይኼን ልብ በሉልኝ፤ ትልቅ ሰው በዚህ ይታወቃል። ብቻ «አውርደው» አሉ።

ወረደ። ጋሼ መጀመሪያ ያነሱት ቡሎኑን ነው። «እየው፣ ከጭንቅላቱ ሥር ኳስ ነው። ፖርሽ ቡሎኗን በክብ ነው የምታስቀምጠው። ቸርኬውን ተመልከት፤ ቀዳዳው እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ቀጥ ብሎ የሚጠብ ነው፣ ለሾጣጣ ቡሎን የተሠራ። ኳስ በሾጣጣ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው በአንዲት ቀጭን ክር ያህል ነው። ያቺ ክር ስትሟሽሽ ቡሎኑ ይላላል። ጥፋቱ የማጥበቅህ አይደለም፤ ሁለቱ አይተዋወቁም።»

ቀጥለው መሃሉን ለኩ። የቸርኬው ቀዳዳ ከሞዞው ይሰፋል፤ ክፍተቱን የሚሞላው ቀለበት የለም። «ስለዚህ መሃል ላይ የሚይዘው የለም፤ የተንጠለጠለው በቡሎን ብቻ ነው» አሉ።

ቀጥለው ከቸርኬው ክንድ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አበሩበት። የኋላው 9 ኢንች ስፋት፣ ኢቲ 35 ይላል። ጋሼ ካርቶን ላይ መሥመር አሰመሩ። «ኢቲ የሚባለው ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚለጠፍበት ፊት ከቸርኬው ወገብ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደወጣ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይገፋል። ያንተ የድሮው የኋላ 8 ተኩል ኢንች፣ ኢቲ 50 ነው። ይኼኛው ስፋቱም ጨምሯል፣ ኢቲውም ወርዷል። ሲደመር ጎማው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፓራፋንጎህ ወጥቷል። ሁለት ሰው ብትጭን ይላጨዋል፤ ኩሽኔታውንም ያለ ሥራው ያሠራዋል።»

ልጁ «ጎማው ግን አዲስ ነው፣ ጥርሱን ይዩት» አለ፤ የሰመጠ ሰው የሚይዘው አያጣም። ጋሼ ግድግዳው ላይ ከዲ ኦ ቲ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አሳዩት፤ 2311። «በ2011፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ። ጥርሱ ያላለቀው ስላልተነዳ ነው። ጎማው ግን ቆሞም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።»

አሁን ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ነጥሎ ጠርዙን በማሽኑ ላይ አዞረው፤ አንዱ ጠርዝ ሲዞር ይዋዥቃል። አቆመው። በጣቱ ከውስጥ በኩል፣ ጥቁሩ ቀለም ወፍሮ የተቀባበትን ቦታ ነካ። ቢላ አምጥቶ ፋቀ። ከቀለሙ ሥር ብየዳ ወጣ። ሦስት ጣት የሚያህል። ከብየዳው ጫፍ ደግሞ አዲስ ስንጥቅ፣ ፀጉር የምታህል፣ መንገዷን ቀጥላለች። ጎሚስታው ማዞሪያውን ዘግቶ እጁን ጠረገ። «ማኤስትሮ፣ ይኼንን አልገጥምም» አለ። ሥራው መግጠም የሆነ ሰው አልገጥምም ሲል ከየትኛውም ወረቀት ይበልጣል።

ጋሼ ቸርኬውን በጣታቸው አንጠልጥለው በመዶሻ እጀታ መታ አደረጉት። ደነዘዘ። የልጁን የድሮ የኋላ ቸርኬ አንጠልጥለው መቱ፤ ጮኸ፣ ድምፁም ቆየ። እናቶቻችን ገበያ ላይ ምጣድ በጣታቸው ቆርቁረው እንደሚገዙት ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ የአባይ በረሃን ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊትም የኤን 3 ሾፌሮች ጎማቸውን በብረት እየመቱ ይዞሩ ነበር። «ግን በድምፅ ብቻ አትፍረድ» አሉ ጋሼ። «የደነዘዘውን ጣል፤ የጮኸውን ደግሞ አስመርምር።»

ልጁ ለሻጩ ደወለ። «አይተህ ነው የገዛኸው፣ ወንድሜ» ብሎ ዘጋ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ደግሞም አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ፣ የተሰረቀውን የራሱን ስፖኪዮ መልሶ የሚገዛ ሰው ካለበት አገር መጥተን፣ እዚህ ስንደርስ ነው እምነት የሚበዛብን።

እዚህ ላይ ወሬውን ቆም ላድርግና ጋሼ ያን ዕለት ጎማ ላይ ተቀምጠው ያወጉንን ላካፍላችሁ።

የአሉሚኒየም ቸርኬ በውድድር መኪና ላይ ገኖ የወጣው በቡጋቲ ታይፕ 35 ነው። ኦገስት 3፣ 1924፣ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ አካባቢ፣ ግራንድ ፕሪ። ቡጋቲ ስምንት ጠፍጣፋ ክንድ ያለው፣ የፍሬኑ ከበሮ ጭምር አብሮ የፈሰሰበት ቸርኬ ይዞ መጣ። ሌሎቹ የሽቦ ቸርኬ ነው ያላቸው። ጥቅሙ ለመልክ አልነበረም፤ ከባሌስትራው በታች ያለው ክብደት ሲቀንስ እግሩ ከመንገድ አይነጠልም፤ አሉሚኒየምም የፍሬኑን ሙቀት ይበትናል። ታዲያ ቡጋቲ አሸነፈ? አላሸነፈም። ጎማዎቹ ገና ሳይጠነክሩ ቀርተው ኖሮ እየተላጡ አስቸገሩት፤ ዋንጫውን ጁሴፔ ካምፓሪ በአልፋ ሮሜዮ ወሰደ። ቸርኬና ጎማ አብረው ነው የሚሮጡት፤ አንዱ ቢያምር ሌላው ካልሆነ ከንቱ ነው።

ፖርሽ ደግሞ በ1966 ለ911 ኤስ ያወጣው ቸርኬ አለ፤ ማይነርትስሃገን ከተማ የሚገኘው ኦቶ ፉክስ የሠራው። አሉሚኒየሙ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አይደለም፤ ትኩሱ በከባድ መጫኛ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። የተቀጠቀጠ ብረት ከፈሰሰው ይልቅ ቀጭን ሆኖ ይጠነክራል። ብዙው የዛሬ ቸርኬ ግን የፈሰሰ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። ይኼ ነውር የለበትም፤ ዋናው ነገር በሥርዓት መሠራቱ ነው። የፈሰሰው ቸርኬ ብዙ ጊዜ ወደ 540 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቅና በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በ150ዎቹ ዲግሪ ለሰዓታት ይቆያል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው። አሁን አንድ ሰው የጎበጠውን ቸርኬ በእሳት አግሎ በመዶሻ ሲያቃና፣ ያንን ሁሉ ሥራ በዚያች ቦታ ላይ ሻረው። ሲበይድም እንደዚያው። መልኩ ይመለሳል፤ ጥንካሬው አይመለስም። «ስለዚህ» አሉ ጋሼ፣ «እሳት የያዘ ሰው ቸርኬህ ላይ ሲጠጋ ካየህ ቸርኬህን ይዘህ ሂድ።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ታዲያ የኔን የድሮዎቹን ምን ላድርግ?» አለ። ጥያቄው ገና አሁን ተወለደ።

አራቱ የድሮ ቸርኬዎች ቸርኬ ወደሚያድስ ቤት ተወሰዱ። ጋሼም አብረው ሄዱ፣ እኔም ነጂያቸው ሆንኩ። ባለሙያው ቀለሙን በኬሚካል አወረደ። እዚህ ላይ አስተውሉ፤ ጥሩ አዳሽ የሚታወቀው አሮጌውን ቀለም ሳያወርድ በላዩ የማይቀባ በመሆኑ ነው። ቀለም የወረደለት ቸርኬ ምሥጢር የለውም። ከዚያ ቀይ ፈሳሽ ረጨበት፣ ጥቂት አቆይቶ ጠረገው፣ ነጭ ዱቄት ነፋበት። ስንጥቅ ካለ ቀዩ ከውስጡ ተስቦ በነጩ ላይ ይጻፋል።

ሁለቱ የኋላዎች ንጹሕ ናቸው፤ የመንገድ ጠርዝ የላጠው ጠርዛቸው ብቻ ነው። የፊት ግራው ንጹሕ። የፊት ቀኙ፣ ያቺ ጉድጓድ የገባችው፣ ከውስጥ ከንፈሩ ገባ ብሏል፤ ከጉብጠቱ ጎን ደግሞ አንዲት ቀይ መሥመር ቀስ ብላ ወጣች።

ባለሙያው «ልበይድልህ እችላለሁ፣ ማንም አያውቅም» አለ። ልጁ ጋሼን አየ። ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፤ አልመለሱለትም። የራሱ የፋብሪካ ቸርኬ ነው፣ ወዶታል፣ ማኅተሙም ያለበት ነው። ዝም ብሎ ቆየና «እኔ አውቃለሁ» አለ። «አይበየድ።» በዚያች ሰዓት ልጁ ቸርኬ መምረጥ ቻለ ብዬ ነው የማምነው፤ የሌላውን ሰው ብየዳ መጥላት ቀላል ነው፣ የራስን መጥላት ነው ከባዱ።

ለቀሪው አንድ ቸርኬ ፍለጋ ተጀመረ። አሁን ልጁ የሚፈልገውን ያውቃል። አደጋ የደረሰባቸውን መኪናዎች ፈታትተው የሚሸጡትን ሲደውልላቸው «የቦክስተር ቸርኬ አላችሁ?» አይልም። «7 ኢንች በ17፣ ኢቲ 55፣ የፋብሪካ ማኅተም ያለበት፤ የጀርባውንና የውስጡን ፎቶ ላኩልኝ፤ ከየትኛው ወገን የተመታ መኪና ነው?» ይላል። መኪናዋ ከኋላ ከተመታች የፊት ቸርኬዋ የመትረፍ ዕድል አለው። ብዙዎቹ ፊቱን ብቻ ላኩ፤ አለፋቸው። አንዱ የተቧጨረ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ለዓይን የማይሞላ ቸርኬ ከጀርባው አንስቶ ላከ። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው። መጣ፣ ተረጨ፣ ቀይ አልወጣበትም። ገዛው።

ቀለሙ ላይ ደግሞ ክርክር ሆነ። ልጁ ፊታቸው በማሽን ተልጎ እንዲያብረቀርቅ ፈለገ። ባለሙያው ራሱ መከረው፤ ይህ ሥራ በቶርኖ ላይ በየጊዜው ከቸርኬው ሥጋ ይልጣል፣ ስለዚህ በዕድሜው የሚደረግበት ጊዜ የተቆጠረ ነው። ከላዩ የሚቀባው ግልጽ ቀለም አንድ ቦታ ከተጫረም የክረምቱ የመንገድ ጨው ይገባል፣ ከሥር ነጭ ትል የመሰለ ዝገት ይሄዳል። ለሜሪላንድ መንገድ የዱቄት ቀለም ይሻላል። የዱቄቱ ቀለም ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ይበስላል፤ ሙቀቱም ሰዓቱም ከልኩ ማለፍ፣ ሥራውም መደጋገም የለበትም፤ ምክንያቱን ቅድም ሰምታችኋል። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ «ቡሎኑ የሚቀመጥበት ቦታና ሞዞው የሚነካው ፊት አይቀባ። ወፍራም ቀለም በቡሎን ሥር ይጨፈለቃል፣ ማጥበቂያው ይላላል።»

ቸርኬዎቹ ብርማ ሆነው መጡ። አዲስ ጎማ ገባ፣ ባላንስ ተደረገ፣ ጎሚስታው ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ አጸዳ። ይች መኪና ዳዶ የላትም፤ ቸርኬውን በእጅ ደግፎ ቡሎን ማስገባት ነው። አምስቱን በኮከብ ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ ኃይል በሚለካው ቁልፍ እስከ 130 ኒውተን ሜትር፣ በአሜሪካኖቹ 96 ፓውንድ ጫማ። በአየር ጠመንጃ ግርርር አድርጎ መልቀቅ የለም። ልጁ ጥቂት ነድቶ ተመልሶ እንደገና አስፈተሸ። ቤልትዌይ ላይ 60 ማይል ደረሰ፣ መሪው ዝም። ከአምስቱ ቡሎኖች መካከልም በየቸርኬው አንድ ልዩ ቁልፍ የሚፈታው ገባ፤ በዚህ አካባቢ መኪና በጡብ ላይ ቆሞ፣ እግር አልባ ሆኖ የሚገኝበት ዘመን ነውና።

አለቀ ብላችኋል? አላለቀም። ጥቁሮቹ አራት ቸርኬዎች ጎሚስታው ግድግዳ ላይ ተደግፈው እያበሩ ነው።

አንድ ቀን ቅዳሜ ጋሼና ልጁ እዚያው ሳሉ አንድ የኛው ሰው በካየን መጣ፤ የቤተሰብ ፖርሽ። ከኋላ ሁለት ሕፃናት በወንበራቸው ታስረዋል። ቸርኬዎቹን አየና ቆመ።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የኔ» አለ ልጁ።

«5 በ130 ነው አይደል? ካየንም እሱ ነው። በስንት ትለቃቸዋለህ? 600 አሁን በእጄ አለ።»

እንግዲህ ፈተና እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ልክ የጠፋውን ገንዘብ ልክ ቆጥሮ ይዞ። ሰውየው ሊገዛ ፈልጎ ነው። ማንም አላስገደደውም። ከአሌክሳንድሪያ የመጣችውን ቃል መልሶ መናገር ብቻ ነው፤ አይተህ ነው የገዛኸው፣ ወንድሜ። ጎሚስታው አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገብቶት መፍቻውን አስቀመጠ።

ልጁ ብየዳ ያለበትን ቸርኬ አንስቶ ገልብጦ ሰውየው እግር ሥር አስቀመጠው። «ጀርባውን እይ፣ ወንድም ጋሼ» አለ። «እዚህ ጋ ተበይዷል፣ ከብየዳው በኋላም ተሰንጥቋል። ቀሪዎቹ ላይ ደግሞ ምን ያህል ክብደት እንደሚችሉ የተጻፈ የለም፤ የጃፓኑ ጄ ደብሊው ኤልም ሆነ የጀርመኑ ኬ ቢ ኤ ማኅተም የለባቸውም። የኔ መኪና 1,300 ኪሎ አትሞላም። ያንተ ከ2,000 ያልፋል። ልጆቹም አሉ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን በጥፍሩ ነካው። «ታዲያ ለምን እዚህ አቆምካቸው?»

ልጁ መልስ አጣ። እውነትም ለምን? ምናልባት እኮ የሚገዛ እስኪመጣ ነበር። ወደ ጎሚስታው ዞሮ በእጁ የመቁረጥ ምልክት አሳየው። ጎሚስታው ግራይንደሩን ሰካ። አራቱም ከከንፈር እስከ መሃል ተቆረጡ፤ የልጁ የራሱ የፊት ቀኝም አልቀረችም፣ ከቀይ መሥመሯ ጋር ለሁለት ተከፈለች። ቁርጥራጩ በፓውንድ ተመዝኖ ለአሉሚኒየም ገዢ ሄደ። ያገኘው ገንዘብ ለሁላችን ፑፑሳ ገዝቶ ትንሽ ተረፈው።

ባለካየኑ ሰው ግን አልሄደም። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ የራሱን የፊት ቸርኬ ጎንበስ ብሎ በክንዶቹ መካከል ወደ ውስጥ ለማየት ሞከረ፣ አልታየውም። ጋሼን ቀና ብሎ «አባት፣ የኔንስ ያዩልኛል? አሮጌ ሆና ነው የገዛኋት» አላቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ልጆቹን አውርድና ክሪክህን አምጣ» አሉት።